በደብረ ሲና ሁለት ቀን

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደው መንገድ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ይህ መንገድ ደጋውንም ቆላውንም በአንድ ቀን ያሳያል። መንገደኛው ጠዋት ጋቢ ለብሶ ይሳፈራል። ከሰዓት በኋላ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ግን ሸሚዙም ይከብደዋል። በደጋውና በቆላው መካከል፣ ገደል ላይ የተለጠፈች አንዲት ከተማ አለች። ስሟ ደብረ ሲና ይባላል። ከአዲስ አበባ 190 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች።

በጥቅምት ወር 2015 ዓ.ም. ከሁለት የዩኒቨርሲቲ ጓደኞቼ ጋር ወደ ደሴ ስንጓዝ ደብረ ሲና ላይ ወረድን። እዚያ የቆዩ ወዳጆች አሉን። መንትያ ወንድምና እህት ናቸው። አዲስ አበባ አጎታቸው ቤት ተቀምጠው ከእኛ ጋር ከዘጠነኛ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ተምረዋል። ትምህርቱን ሲጨርሱ ወደ አገራቸው ተመለሱ። ወንድምየው ባጃጅ ይነዳል። እህትየው ከእናቷ ጋር ቆሎ ትሸጣለች። «ለአንድ ሌሊት ብቻ» ብለን ወርደን ሁለት ቀን ቆየን። ለምን እንደቆየን ወደኋላ እነግራችኋለሁ። በመጀመሪያ መንገዱን እንመልከት።

መንገዱ

አውቶቡሳችን ከላምበረት መናኸሪያ ጎህ ሲቀድ ተነሣ። ሰንዳፋን፣ አለልቱን፣ ሸኖንና ጫጫን አለፍን። ሸኖ በቅቤዋ የታወቀች ናት። አዲስ አበባ ገበያ ላይ «የሸኖ ቅቤ ነው» ከተባለ ዋጋው ከፍ ይላል። በመንገዱ ግራና ቀኝ የገብስና የባቄላ ማሳ ተዘርግቷል። ደጁ ላይ ኩበት ያልከመረ ቤት የለም ማለት ይቻላል። እንጨት በጠፋበት ደጋ ማገዶው እሱ ነው።

ከ130 ኪሎ ሜትር በኋላ ደብረ ብርሃን ደረስን። ይህች ከተማ በ15ኛው መቶ ዘመን በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ተቆረቆረች። በሰማይ ላይ ብርሃን ስለታየ ደብረ ብርሃን ተባለች ይባላል። ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ከፍታ ስላላት ብርዱ አጥንት ይሰብራል። በብርድ አገር የብርድ ልብስ ፋብሪካ መኖሩ አያስገርምም።

ከደብረ ብርሃን አልፎ መንገዱ ወደ ጣርማ በር ይወጣል። በአገራችን በተራራ መካከል የሚያልፍ ጠባብ መተላለፊያ «በር» ይባላል። ጣርማ በርም እንዲሁ ነው። ከፍታው ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ብዙ ጊዜ በጉም ይሸፈናል። ሹፌሩ መብራት አብርቶ፣ ጡሩምባ እየነፋ፣ ቀስ ብሎ ይነዳል። ከዚያ ተራራው አፉን ከፍቶ መኪናውን ይውጠዋል። ይህ ዋሻ 600 ሜትር የሚጠጋ ርዝመት አለው። የሠራው ፋሺስት ኢጣሊያ ነው። ዘመኑም አገራችንን ወርሮ በያዘበት ጊዜ፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ስለዚህም ብዙ ሰው «ሙሶሊኒ ዋሻ» ይለዋል። ወራሪው የሠራው ወታደሩንና መድፉን በቶሎ ለማዝመት ነበር። ወራሪው ሄደ፣ መንገዱ ግን ለባለአገሩ ቀረ። ከዚያ ወዲህ እህል፣ ሽንኩርት፣ ተማሪና በሽተኛ ያልፍበታል።

የውሃ መለያያ

ጣርማ በር ላይ ውሃም መንገዱን ይለያል። ይህን ነገር በምሳሌ እንየው። አንድ ሰው በተራራው ጫፍ ላይ ቆሞ አንድ ማሰሮ ውሃ በስተ ምዕራብ ያፍስስ። ሌላ ማሰሮ ደግሞ በስተ ምሥራቅ ያፍስስ። የምዕራቡ ውሃ ወደ ጀማ ወንዝ ይወርዳል። ጀማ አባይ ውስጥ ይገባል። አባይም ሱዳንንና ግብፅን አቋርጦ ሜዲትራኒያን ባሕር ይገባል። የምሥራቁ ውሃ ግን በደብረ ሲና ገደል ወርዶ ከቆላ ወንዞች ጋር ይቀላቀላል፤ በመጨረሻም አዋሽ ይገባል። አዋሽ ባሕር አይደርስም። አፋር ምድር ውስጥ አቤ ሐይቅ ገብቶ ይቀራል። በአንድ ተራራ ላይ የዘነበ ዝናብ እንዲህ ይለያያል።

በዚሁ ገደል ጫፍ ጭላዳ ዝንጀሮዎች በመንጋ ተቀምጠው ሣር ሲነጩ አየን። ወንዱ እንደ አንበሳ ጎፈር አለው። ደረቱ ላይ ፀጉር የሌለው ቀይ ቆዳ ይታያል። ጭላዳ ከኢትዮጵያ ሌላ በየትም አገር በዱር አይገኝም። ዋና ምግቡ ሣር ነው። ማታ ማታ ከአውሬ ለመዳን ገደሉ ላይ ያድራል። ገበሬው ግን ብዙ አይወደውም። ገብሱ ሲያሽት ሳይጠራ የሚመጣ እንግዳ ነውና።

ቆሎ ሻጮቹ

ዋሻውን እንዳለፍን ቁልቁለቱ ይጀምራል። መንገዱ እንደ እባብ ይጠማዘዛል። ጆሮ ይደነቁራል። ደብረ ሲና እንደደረስን አውቶቡሱ ገና ሳይቆም ሴቶችና ልጆች መስኮቱን ከበቡት። «ቆሎ! ትኩስ ቆሎ! የደብረ ሲና ቆሎ!» ይላሉ። በዚህ መንገድ የሄደ ሰው የደብረ ሲናን ቆሎ ሳይዝ አይመለስም። ከሻጮቹ መካከል አንዷ መስኮቱን ትታ በሩ ላይ ጠበቀችን። የድሮዋ የክፍል ጓደኛችን ነበረች።

«አንተ! ከሳህ እኮ! ዩኒቨርሲቲ ምግብ የለም እንዴ?» አለችኝ።

ቤታቸው ከአስፋልቱ በታች ነው። እናታቸው ደጃፉ ላይ ቆመው ነበር። «እሰይ፣ የኔ ልጆች! ቤት ለእንግዳ! ግቡ፣ ግቡ» አሉን። ጉንጫችንን ደጋግመው ሳሙን። አባታቸው ከመደቡ ሊነሡ ሲሉ «በእግዜር፣ አይነሡ አባባ» ብለን አስቀመጥናቸው። ወዲያው እንጀራ በሽሮ ቀረበ። ጠገብን ስንል እናትየው «በሞቴ! አፈር ስሆን!» እያሉ አጎረሱን። ቀጥሎ ቡና ተፈላ። የቡና ቁርሱ ምን እንደሆነ መናገር አያሻም፤ ቆሎ ነው።

እንግዳ ሆኜ መቀመጥ ስለሰለቸኝ ቆሎ አሠራሩን አየሁ። ገብሱ በመጀመሪያ ይለቀማል። ከዚያ በምጣድ ይታመሳል። ቀጥሎ በሙቀጫ ይሸከሸካል። ገለባው ይነፈሳል። በመጨረሻ እንደገና ይቆላል። ሽምብራ፣ ሱፍ ወይም ኦቾሎኒ ይቀላቀልበታል። ይህ ሁሉ ሥራ የሚሠራው ሌሊት ነው። ጠዋት አንድ አውቶቡስ የሚቆመው ለአሥር ደቂቃ ብቻ ነውና ቆሎው ቀድሞ መዘጋጀት አለበት። እኛ በመስኮት አንድ ስኒ ገዝተን «ተወደደ» የምንለው ቆሎ ይህን ሁሉ ድካም አልፎ ነው የሚመጣው።

መሬት የሄደ ጊዜ

ማታ እሳት ዙሪያ ተቀምጠን አባታቸውን «አባባ፣ ድሮም እዚሁ ነበር ቤታችሁ?» ብዬ ጠየቅኳቸው። ጥቂት ዝም አሉ። ከዚያ እንዲህ ሲሉ አጫወቱን።

«የለም ልጄ። ቤታችን ከታች፣ ከወንዙ በላይ ነበር። በመስከረም 1998 ዓ.ም. መሬቱ ተንዶ ሄደ። እነዚህ መንትዮች ያኔ የሁለት ዓመት ልጆች ነበሩ። በዚያ ክረምት ዝናቡ በረታ። በመጀመሪያ የቤቱ በር አልዘጋ አለ። 'እንጨቱ አብጦ ነው' ብዬ በመጥረቢያ ጠረብኩት። ቀጥሎ ምንጩ ደፈረሰ። ከዚያ ማሳው ላይ ስንጥቅ ታየ። ዛፉ ዘመም አለ። እኛ ግን ይህን ሁሉ ለየብቻው አየነው እንጂ አንድ ላይ አላሰብነውም። አንድ ሌሊት መሬቱ አጉረመረመ። ልጆቹን አዝለን ወጣን። ሲነጋ ቤቱ የለም። ማሳው የለም። መሬት ሲሄድ አይተህ ታውቃለህ? እንደ ሊጥ ነው። ዛፉን እንደቆመ ይዞት ይወርዳል።»

በዚያ ዓመት በደብረ ሲና አካባቢ የደረሰው የመሬት መንሸራተት ብዙ ቤት አፍርሶ ብዙ ሰው አፈናቅሏል። ከዚያ በኋላ የሥነ ምድር ባለሙያዎች ቦታውን አጥንተውታል።

መሬት ለምን ይንሸራተታል? እንዲህ ነው። ይህ ተራራ የተሠራው በጥንት ዘመን ከእሳተ ገሞራ በወጣ ድንጋይ ነው። ድንጋዩ ተራ በተራ ተደራርቧል። አንዱ ድርብ ጠንካራ ጥቁር ድንጋይ ነው። ሌላው ደግሞ ልል ነው፤ አመድ መሰል ነገር ነው። ዝናብ በስንጥቅ ወደ ውስጥ ይገባል። ልሉ ድርብ ውሃ ሲጠጣ ይከብዳል፤ ይለሰልሳል፤ ያሟልጫል። ከታች ወንዝ የተራራውን እግር እየሸረሸረ ይወስዳል። እግሩ የተቆረጠ ሰው እንደማይቆም ሁሉ፣ እግሩ የተሸረሸረ ተራራም አይቆምም። በዚህ ላይ ሰው ቁልቁለቱን ለመንገድ ወይም ለቤት ሲቆፍር፣ ዛፉንም ሲመነጥር፣ አደጋው ይብሳል።

የአክስትየው ደብተር

በማግስቱ ልንሄድ ስንል ወንድምየው «ዛሬ እደሩ። አክስቴ ጋ አብራችሁኝ ውረዱ። እናንተ የተማራችሁ ናችሁ፤ ምናልባት ይሰሙን ይሆናል» አለን። እኛም ቀረን።

አክስታቸው የሚኖሩት ከከተማው በታች፣ አንድ ሰዓት በእግር በሚያስኬድ ቁልቁለት ላይ ነው። ባላቸው ሞተዋል። ቤቱን የሠሩት እኒያ ባላቸው ናቸው። ጓሮው ጌሾ ነው። አምስት ቀፎ ንብም አላቸው። ከቤቱ በላይ፣ ሃምሳ እርምጃ ያህል ርቆ፣ መሬቱ ላይ አንድ ረጅም ስንጥቅ አለ። ስንጥቁ እንደ ማጭድ የጎበጠ ነው። ሁለቱ ጫፎቹ ወደ ታች፣ ወደ ቤቱ ያመለክታሉ።

«እትዬ፣ ይህን ስንጥቅ መቼ አዩት?» አልኳቸው።

«ቆይ፣ ደብተሬን ላምጣ» አሉ።

ደብተር ሲሉ ገረመኝ። እኒህ ሴት ማንበብና መጻፍ የተማሩት ከሁለት ዓመት በፊት፣ ማታ ማታ፣ ከጎረቤቶቻቸው ጋር ነው። ወንድምየው ከስንጥቁ በላይ አንድ ችካል፣ ከስንጥቁ በታች አንድ ችካል ተክሎላቸዋል። እሳቸው በሜትር በሁለቱ ችካሎች መካከል ያለውን ርቀት እየለኩ ይጽፋሉ። ደብተሩ ላይ እንዲህ የሚል አነበብኩ።

ነሐሴ 20፦ 58 ሳንቲ ሜትር።
መስከረም 5፦ 61 ሳንቲ ሜትር።
መስከረም 20፦ 66 ሳንቲ ሜትር።
ጥቅምት 5፦ 67 ሳንቲ ሜትር።

አብረን አሰላነው። ከ67 ላይ 58 ሲቀነስ 9 ይቀራል። በ50 ቀን ውስጥ መሬቱ 9 ሳንቲ ሜትር ተከፈተ ማለት ነው። ዝናብ በነበረበት በመስከረም መጀመሪያ በ15 ቀን ብቻ 5 ሳንቲ ሜትር ሄዷል። ዝናቡ ሲያቆም ግን 1 ሳንቲ ሜትር ብቻ ሄደ። ስለዚህ መሬቱን የሚገፋው ውሃው ነው።

«ታዲያ አክስቴ፣ በራስሽ እጅ ጽፈሽው እንዴት አታምኚም?» አለ ወንድምየው።

«ማመኑንስ አምናለሁ» አሉ። «ግን ወዴት ልሂድ? ይህን ምሰሶ ባሌ ነው ያቆመው። ጌሾው ደግሞ እንደ ላም ነው፤ እሱን ሸጬ ነው ጨው የምገዛ። ከተማ ስወርድ ምን ልሸጥ? ደግሞስ ባይወርድ? ሰው አይስቅብኝም?»

ማንም ቶሎ አልመለሰላቸውም። ጥያቄው ቀላል አይደለምና። ድሃ ሰው ቦታውን ለቆ ሲሄድ ቤቱን ብቻ አይደለም የሚተወው። ጎረቤቱን፣ ዕቁቡን፣ ዕድሩን፣ የባሉን መቃብር ይተዋል። እኛ ከሩቅ መጥተን «ይነሡ» ለማለት አፋችን ይቀለናል። ኪሳራው ግን የእሳቸው ነው።

በመጨረሻ የተናገሩት አባትየው ናቸው። ዱላቸውን ተደግፈው እስከዚያ ድረስ ወርደው ነበር። «እኅቴ፣ እኔ በዚያ ዓመት በሩ አልዘጋ ሲለኝ በሩን ጠረብኩ። ተራራው ሲነግረኝ እኔ እንጨቱን ወቀስኩ። ደብተር አልነበረኝም። አንቺ ግን አለሽ። ባይወርድ የሚስቅብሽ ሰው ይሳቅ፤ ሳቅ አይገድልም» አሏቸው።

አክስትየው ብዙ ጊዜ ዝም ብለው ጌሾአቸውን አዩ። ከዚያ እንዲህ ወሰኑ። ገብሱ ታጭዶ እንዳለቀ ቤቱን ነቅለው ቆርቆሮውንና ምሰሶውን ወደ ወንድማቸው ግቢ ያወጣሉ። ቀፎዎቹም በሌሊት ይነሣሉ። ጌሾውን ግን በበጋ እየወረዱ ይለቅማሉ። በክረምት እዚያ አያድሩም። ደብተሩንም ለቀበሌው ሰዎች ያሳያሉ። በቃል ሲነግሯቸው «እናያለን» ብቻ ተብለው ነበር። ቀንና ቁጥር የተጻፈበትን ግን ገልብጠው ወሰዱት።

ይህን የምጽፈው ከዚያ በኋላ ክረምት ካለፈ በኋላ ነው። መሬቱ አልወረደም። ስንጥቁ ሰፍቷል፤ ጓሮው ግን በቦታው ነው። አክስትየው አንዳንዴ «ጌሾዬን ትቼ በከንቱ» ብለው ያጉረመርማሉ አሉ። ሆኖም መለካቱን አላቆሙም። እኔ ግን ከንቱ ነው አልልም። ሳይፈርስ የተነሣ ቤት እንደገና ይሠራል። የተቀበረ ሰው ግን አይመለስም።

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በደቡብ ኢትዮጵያ፣ በጎፋ ዞን፣ በገዜ ጎፋ ወረዳ የደረሰውን ሁላችንም ሰምተናል። ብዙ ዝናብ ዘንቦ ተራራው ተናደና ሰዎች ተቀበሩ። ጎረቤት እሪታውን ሰምቶ አፈሩን ሊቆፍር ተሰበሰበ። ሰዎቹን ለማውጣት ሲቆፍሩ መሬቱ ዳግመኛ ተንዶ እነሱንም ቀበራቸው። ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ። አብዛኞቹ የሞቱት ሌላውን ለማዳን ሲሉ ነው።

ምን እናድርግ?

በተራራና በገደል አጠገብ የምንኖር ሁሉ የሚከተለውን እናስታውስ።

1ኛ. ምልክቶቹን አንድ ላይ እንያቸው። ማሳ ላይ አዲስ ስንጥቅ፣ ያዘነበለ ዛፍ፣ የማይዘጋ በር፣ የደፈረሰ ወይም በአዲስ ቦታ የፈለቀ ምንጭ፣ የተሰነጠቀ ግድግዳ። ሁለትና ሦስቱ ባንድነት ከታዩ ነገሩ ቀላል አይደለም።

2ኛ. ስንጥቅ ካየን በሁለቱ ወገን ችካል ተክለን እንለካ። ቀኑንና ቁጥሩን እንጻፍ። የጻፍነውን ለቀበሌና ለግብርና ባለሙያ እናሳይ።

3ኛ. ውሃ ወደ ስንጥቁ እንዳይገባ ከበላዩ ቦይ ቀደን ወደ ጎን እንመልሰው። ስንጥቁንም በጭቃ እንድፈነው።

4ኛ. የተራራውን እግር አንቆፍር። ዛፍና ሣር እንትከል። ከደብረ ሲና በስተ ደቡብ ያለውን የወፍ ዋሻ ደን ያየ ሰው ጥዱ፣ ዝግባው፣ ወይራውና ኮሶው አፈሩን እንዴት አቅፎ እንደያዘ ይረዳል። ይሁን እንጂ ከጥልቅ የሚነሣን ናዳ ዛፍ ብቻውን አያቆመውም።

5ኛ. ብዙ ዝናብ በጣለበት ሌሊት በስንጥቅ ሥር አንደር። ናዳ ከመጣ ቁልቁል አንሩጥ፤ ወደ ጎን እንሽሽ።

6ኛ. ናዳ ሰው ከቀበረ ሁላችንም በአንድ ጊዜ አንግባ። አንድ ሰው ከዳር ከፍ ባለ ቦታ ቆሞ ተራራውን ይጠብቅ። ተራራው ከተንቀሳቀሰ ይጩህ።

ለውይይት

አንብባችሁ ስትጨርሱ እነዚህን ጥያቄዎች አብራችሁ ተነጋገሩባቸው።

ሀ. በጣርማ በር ላይ የዘነበ ዝናብ በየትኛውና በየትኛው ወገን ይሄዳል? የእናንተ ቀበሌ ውሃስ ወደ የትኛው ወንዝ ይገባል?

ለ. አባትየው በሩ አልዘጋ ሲላቸው ምን አደረጉ? እናንተ ብትሆኑስ ምን ታደርጉ ነበር?

ሐ. ስንጥቁ ከነሐሴ 20 እስከ መስከረም 20 ስንት ሳንቲ ሜትር ሰፋ? አስሉት።

መ. አክስትየው ቦታቸውን መልቀቃቸው ትክክል ነበር ትላላችሁ? በእናንተ አገር ቦታ ለሚለቅ ጎረቤት ዕድሩ ምን ሊረዳው ይችላል?